ከደብረ ሊባኖስ መልስ ለአባቴ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቅዳሜ ሲደውሉ ያላነሣሁበትን ምክንያት ትናንት ላስረዳዎ ብሞክርም ስልኩ እየተቆራረጠ ስላላስጨረሰኝ፣ ውሎአችንን በጽሑፍ ላቅርብልዎ ብዬ ተነሣሁ። ዐይንዎን ካስቸገረዎ እኅቴ ታንብብልዎ፤ እየዘለለች እንዳታነብ ግን አደራዎን።

የባለወፍጮውን ወንድ ልጅና የድሬሰሩን ሴት ልጅ እንደማይረሷቸው አውቃለሁ፤ ሁለቱም ከእኔ ጋር ዘጠነኛ ክፍል ሳለን ታሪክ ያስተማሯቸው ናቸው። እርሱ ከቨርጂኒያ፣ እርሷ ከጅዳ ለአጭር ጊዜ መጥተው፣ ሦስታችንም ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ላይ ለመዋል የተመቸን ቀን አንድ ብቻ ሆነ። ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ከምንዞር ብለን ወደ እናንተ በሚወስደው መንገድ ደብረ ሊባኖስ ድረስ ለመሄድ ተስማማን።

ከንጋቱ 12 ሰዓት በኪራይ መኪና ተነሥተን እንጦጦን እንደወጣን ሱሉልታ ላይ ጎማ ፈነዳና አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። አልከፋንም፤ ሜዳው ላይ ድርቆሽ እየታጨደ ነበርና ሽታው ልጅነታችንን ይዞብን መጣ። ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አልፈን አንዲት የሰላሌ ሴት እርጎ ሲሸጡ ስናይ ወርደን ጠጣን። በአውቶቡስ ስንጓዝ እርስዎ በመስኮት እያመለከቱ የየከተማውን ስም ያስጠኑን እንደነበረ ተነሣና ለመቍጠር ሞከርን፤ አንዷን ሳትስት የጠራችው የድሬሰሩ ልጅ ብቻ ናት።

ገዳሙ በር ላይ የባለወፍጮው ልጅ ቁምጣ ለብሶ ስለነበር አትገባም ተባለ። ሹፌራችን ከመኪናው ኋላ ጋቢ አውጥቶ ባያለብሰው ኖሮ ከቨርጂኒያ ድረስ መጥቶ ደጅ ሊቀር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማችንን አውልቀን ስንቆም፣ የጠዋቱ ፀሐይ በአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወቶች ገብቶ ወለሉን ቀይና ሰማያዊ አድርጎት ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ቀድሞ ደብረ አስቦ ይባል እንደነበረና ስሙን የለወጡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንደሆኑ ያስጎበኘን ወጣት ዲያቆን ሲነግረን፣ ሁለቱ ጓደኞቼ በቀስታ ዞረው አዩኝ፤ ያን ነገር መጀመሪያ የሰማነው ከማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለንና።

የ1929ን ነገር የነገሩን ግን ሌላ፣ በዕድሜ የገፉ መነኩሴ ናቸው። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ገዳሙ ረድቷቸዋል ተብሎ፣ በግንቦት ለፍልሰተ ዐፅሙ በዓል የተሰበሰቡትን መነኮሳትና ምእመናን ወታደሮቹ ከብበው፣ በጭነት መኪና ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ስፍራ ወስደው በመትረየስ ፈጇቸው። ግራዚያኒ መጀመሪያ ወደ ሮማ የላከው ቍጥር 297 መነኮሳት የሚል ነበር፤ በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የሟቾቹ ቍጥር ከዚያ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። መነኩሴው ይህን ሁሉ ሲናገሩ ድምፃቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ከፍ አላደረጉም። የድሬሰሩ ልጅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ብዙ ቆየች፤ እኛም ምን እንደምንላት ስላላወቅን ዝም ብለን ቆምን። ለእርስዎ የተቀዳውን ጸበል እቃው ውስጥ ያገኙታል።

ከዚያ ወደ ድልድዩ ወረድን። አባቴ፣ ዋናው ወሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። መግቢያው ላይ በትልቁ "የፖርቱጋል ድልድይ" ተብሎ ተጽፏል። የባለወፍጮው ልጅ ይህን ሲያይ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ "ጋሼ የቀነሱብኝን ሁለት ነጥብ ይመልሱ!" ብሎ ጮኸ። ለካ በፈተና "በደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያለውን የድንጋይ ድልድይ ያሠራው ማን ነው?" ብለው ጠይቀው፣ እርሱ ፖርቱጋሎች ብሎ ጽፎ በቀይ እስክሪብቶ እንደሰረዙበት እስከ ዛሬ ይዞታል! አስጎብኚው ልጅ ጩኸቱን ሰምቶ መጣና፣ ስሙ ከአፍ ባይወጣም ያሠሩት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ፣ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ እንደሆኑ፣ ኖራውም ከሰጎን እንቍላል ጋር ተለውሷል እየተባለ እንደሚነገር አብራራለት። የእንቍላሉን ነገር እርስዎ በክፍል ውስጥ ፈገግ ብለው ያልፉት እንደነበረ አስታወስኩ። ድልድዩ ራሱ ከስሙ ያነሰ ነው፤ ሦስት ሰው ጎን ለጎን ከሄደበት ይጠባል፤ ነገር ግን ከሥሩ የሚያልፈው ውኃ ጥቂት ተጕዞ ወደ ገደሉ ሲወረወር ሲያዩት ማንም ይሥራው ማን ደፋር ሰው እንደነበረ ይገባዎታል።

ምሳችንን ገደሉ አፋፍ ላይ በላን። ጭላዳዎቹ እንደ በግ መንጋ ሣር እየነጩ አጠገባችን ድረስ መጡ፤ ከወንዶቹ አንዱ ያን ጎፈሩን እየነሰነሰ ሲያልፍ የድሬሰሩ ልጅ፣ "ርእሰ መምህራችንን አይመስልም?" አለችን። ማንን ማለቷ እንደሆነ ያውቃሉ፤ እኅቴ እያነበበች ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ፊታችንን ወደ ጎሐ ጽዮን አዙረን ዓባይን ተሻግረን ደብረ ማርቆስ እንግባ ወይስ እንመለስ ብለን ተከራከርን። የቀረን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሹፌሩ ዓባይ በረሃን በሌሊት አልነዳም አለ፤ እርሷም የእሑድ በረራ ነበረባት። የመንገዱን ሲሶ ያህል ሄደን፣ ደጅዎ ሳንደርስ መመለሳችንን ስጽፍልዎ አፍራለሁ፤ እኔ በበኩሌ ለገና እመጣለሁ።

ከጸበሉ ጋር ከደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ልኬያለሁ። የባለወፍጮው ልጅ ምሳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጥያቄውን እንደገና ጽፎ፣ ከሥሩ "ራስ ዳርጌ" ብሎ መልሶ፣ ስሙንና የክፍል ቍጥሩን ሳይቀር ሞልቶበታል። አርመው ይላኩልኝ፤ አድራሻው እኔ ዘንድ አለ።

ልጅዎ