ለእናትህ ደውል

አንተ ሰውዬ፣ አለህ?

ሰላምታው ይቆይ። መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ፤ አንተም ብትሆን ጠፍተሃል። የዚያን ማታ የተባባልነውን ደግሞ... ተወው፣ ጊዜው አይደለም።

ስልክህን ስሞክር ሰነበትኩ። በ504 የሚጀምር የኒው ኦርሊንስ ቁጥር ሁሉ አይሠራም። እዚህ ደሴ ሸዋ በር ያለው ካፌ ዲሽ ስላለው እዚያ ተተክያለሁ። ሰኞ ነሐሴ 23 ካትሪና የምትባለዋ ማዕበል ስታልፍ ከተማዋ ለጥቂት ተረፈች ሲሉ ሰምቼ፣ ተመስገን ብዬ ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ጣሪያ ብቻ ነው ያለው። ለካ የጨረሰን ነፋሱ አይደለም፣ የቦዮቹ ግንብ ነው። የኛው የለንደን አቬኑ ቦይ ሁለት ቦታ ተደርምሷል።

ያ ግንብ! ከጀርባው ያለው ውሃ ከመንገዱ በላይ መሆኑን ያየን ቀን «ይሄ ነገር ቢፈርስስ?» ስትል እንዴት እንደሳቅኩብህ። ደሴ ውሃው ቦርከናን ብሎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ማንም አያዘውም። እዚያ ግን ከተማው ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ የዘነበውን በፓምፕ ወደ ፖንቻርትሬን ሐይቅ ካልገፉት የትም አይሄድም። አሁን ጭራሽ ሐይቁ ራሱ ገባበት። ከመቶ 80 እጁ ውሃ ውስጥ ነው ይላሉ።

ያቺ አሮጊት ጎረቤታችንስ? በፈረንጆቹ 1965 ቤትሲ የምትባለዋ ማዕበል ካጥለቀለቀቻቸው ወዲህ ኮርኒስ ላይ መጥረቢያ የምታስቀምጠው። እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ጠምጥማበት ነበር፣ በጨለማ እንዲታያት። ውሃ ሲመጣ ሰው ወደ ላይ ነው የሚሸሸው፣ መውጫ ከሌለው እዚያው ይቀራል ስትለን ዞር ብለን እንስቅ ነበር። ትናንት ሰዎች ጣሪያ እየሰበሩ ሲወጡ አየሁ። አንተ መጥረቢያ አለህ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ደግሞ። ዋና እንደሁ አትችል፣ ቦርከናን እንኳ ሱሪህን ሰብስበህ በድንጋይ በድንጋይ የምትሻገር ሰው!

እሁድ ዕለት ውጡ ተብሎ መኪና ያለው ወጥቷል፣ የሌለው ሱፐርዶም ስታዲየም ገብቷል። ያቺ አሮጌ መኪናህ ተነስታልህ ከሆነ ሂውስተን ነህ ማለት ነው። ሱፐርዶም ከነበርክም ሰዉን በአውቶብስ ወደዚያው እያጓጓዙት ነው። ስለዚህ ሂውስተን ነህ። እንደዚያ ብዬ ወስኛለሁ።

እዚህ ያገኘኝ ሁሉ «እንኳንም መጣህ» ይለኛል፣ ያናድደኛል። ምን ላድርግ፣ ከተማዋን ያማረርኩት እኔው ነኝ፤ ሙቀቷ፣ ትንኟ፣ ምኑ ቅጡ። ለማንም አታውራ እንጂ ካናል ጎዳናን ውሃ ውጦት ሳይ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ።

ዋናው ጉዳይ ግን እናትህ ናቸው። ሐሙስ አስጠሩኝ። የሰፈሩን ዱበርቲ እናቶች ሰብስበው ዱዓ ላይ ናቸው፣ ቡናው ሦስተኛው ደርሷል። «የሰመጠው የሱ ከተማ ነው አሉ» አሉኝ። ምን ልበል? ነው፣ ግን የሱ ሰፈር ዳገት ላይ ነው አልኳቸው። ዳገት፣ ኒው ኦርሊንስ! እሳቸው ደግሞ አያልፉም፣ «እንደ አዝዋ ገደል?» አሉ። ይበልጣል አልኩ። ፊታቸው ሲፈታ ብታይ። ሲኒውን አቀበሉኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ግማሹን ምንጣፉ ላይ ደፋሁት፣ እሳቸውም «አብሽር ልጄ» ብለው እኔን ማጽናናት ጀመሩ።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራቸው አላልፍም፣ በሆጤ በኩል ዞሬ ነው የምሄደው። ይኼንን ካነበብክ የማንንም ስልክ ለምነህ ደውልላቸው፣ ከጎናቸው ያለው ሱቅ ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። ስለ ሰፈርህ ከጠየቁህ እንዳታዋርደኝ። ለኔም አንድ መስመር ጻፍልኝ፣ «አለሁ» ብቻም ይበቃል። ኢንተርኔት ቤቱ እስከ ማታ 2 ሰዓት ክፍት ነው፣ መብራት ካለ።