ጉዳዩ፦ ለሕፃናት ክፍሉ ስለተጨመረው 150 ብር

ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ድሬዳዋ

ክቡራን ወላጆች፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ፈተና በሰላም ተጠናቋል፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ተፈታኞች ፎቶግራፍ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቅረብ፤ ጠዋት ጠዋት ባጃጅ በሩ ላይ የምታስቆሙ ደግሞ እባካችሁ ትንሽ ፈቀቅ በሉ። ሌላ ዜና የለም።

አሁን ወደ 150 ብሩ።

በጠቅላላ ጉባኤው የተገኛችሁ እጅ አውጥታችሁ እንዳጸደቃችሁት፣ ከዚህ ወር ጀምሮ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለትምህርት ቤታችን ሕፃናት ክፍል (ለኬጂው) በወር 150 ብር ይጨምራል። ክፍያው በቤተሰብ ነው፣ በልጅ አይደለም። ሕፃን ያለውም የሌለውም እኩል ይከፍላል። ያስቆጣችሁም ይኸኛው መሆኑን አውቃለሁ። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ የተጻፈውን አንብቤያለሁ። በር ላይ ቆማችሁ የተባባላችሁትም ደርሶኛል። ገና ያልተባለውንም ስለምገምተው፣ በአክብሮት፣ አንድ በአንድ ልመልስ።

"ልጄ ስምንተኛ ክፍል ነው። ለሰው ሕፃን ሞግዚት የምከፍለው በምን ዕዳዬ ነው?" የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ይህ ነው።

አንደኛ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ለስብሰባ አላልኩም። ትምህርት እንደተጀመረ፣ በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት። ግማሾቹ ልጆች ኬጂ ቆይተው የመጡ ናቸው። ወረፋ ይጠብቃሉ፣ እርሳስ ይይዛሉ፣ ሽንት ሲመጣባቸው ይናገራሉ። ግማሾቹ ከቤት ቀጥታ የመጡ ናቸው። ያለቅሳሉ። አሥር ደቂቃ መቀመጥ አይችሉም። መምህርቷ የምትናገረውን ቋንቋ እምብዛም ሰምተው የማያውቁም አሉ። ድሬ ናት፤ አንዱ ቤት ኦሮምኛ፣ አንዱ ቤት ሶማሊኛ፣ አንዱ ቤት አማርኛ ይነገራል። መምህርቷ እስከ ታኅሣሥ ፊደል ከማስቆጠር ይልቅ እንባ ስትጠርግ ትከርማለች። የባከነው ጊዜ እዚያው አይቀርም። አራተኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለው፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ የሚረብሸው፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ መምህሩ ትምህርቱን ከሥር እንዲጀምር የሚያስገድደው ልጅ ከዚያው ክፍል የወጣ ነው። ባለፈው ዓመት "መማር የሚፈልጉት ልጆች በሌሎች ምክንያት ወደ ኋላ ቀሩ" ብላችሁ ቢሮዬ የመጣችሁ ወላጆች ነበራችሁ። ልክ ነበራችሁ። መፍትሔው ግን ስምንተኛ ክፍል ውስጥ የለም፤ ታች ነው ያለው። መፍትሔውን ስናመጣ ደግሞ "አያገባኝም" አላችሁ።

የቀሪ መዝገቡንም ላሳያችሁ እችላለሁ። ከአምስተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል ባሉ ሴት ልጆች ስም ፊት ቀይ ምልክት ይበዛል። ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ታናሽ ወንድሜን ስጠብቅ።" እናት ቀፊራ ገበያ ትውላለች፣ ሕፃኑ ቤት ነው፣ ስለዚህ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጅ ሞግዚት ትሆናለች። እኛ ሕፃኑን ስንቀበል እህቱ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች። እናትም ልቧ ሳይከፈል ንግዷን ትሠራለች። እህት ከሌለችስ? ሕፃኑ ከሰፈር ልጆች ጋር ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይውላል። የደቻቱ ጎርፍ በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ያደረገውን ለድሬ ሰው አልነግርም።

አሁንም "እኔ ግን ሕፃን የለኝም" የምትሉ አላችሁ። ለእድር ወይም ለአፎቻ የማይከፍል ከመካከላችሁ ስንት ነው? በዓመቱ መጨረሻ "ዘንድሮ ቤቴ ሐዘን አልገባም፣ ገንዘቤን መልሱልኝ" ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

በነገራችን ላይ፣ ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ አፀደ ሕፃናት የተከፈተው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ለባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡ ፈረንሳዮች ልጆች ነበር የተከፈተው። ከተማዋ ገና በቅጡ ሳትቆም፣ ሐዲዱ ገና እየተዘረጋ፣ እነሱ ለሕፃናቶቻቸው ቦታ አዘጋጁ። ለትርፍ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ብር ያለ ምክንያት የሚበትኑ አይመስለኝም። ያ በር ለእኛ ልጆች አልተከፈተም ነበር። ዛሬ ራሳችን ልንከፍተው ስንል በ150 ብር እንጨቃጨቃለን።

"እዚያ ክፍል መጫወት ነው እንጂ ምን ይማራሉ?" የሚለው ደግሞ በየሳምንቱ የምሰማው ነው። አንድ አባት በመስኮት አይተው "ለዚህ ነው የምንከፍለው?" ብለውኛል። አዎን፣ ለዚህ ነው። ባቄላ እየቆጠረች ከጓደኛዋ ጋር የምትካፈለው ልጅ ሒሳብ እየሠራች ነው። ተራዋን የምትጠብቀው ልጅ ከዚህ በኋላ ባሉት ክፍሎች ሁሉ የሚያስፈልጋትን እየተማረች ነው። ተረት ሰምቶ "ከዚያስ?" የሚለው ልጅ የማንበብ ግማሹን ጨርሷል። የሰው አእምሮ በአምስትና በስድስት ዓመቱ ከአዋቂው መጠን 90 በመቶ ገደማ ይደርሳል። "ሲያድግ ይማራል" የምትሉት ልጅ ትልቁን ሥራ እየሠራ ያለው አሁን ነው።

ይህን እኔ ብቻ የምለው እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1962 የተጀመረ ጥናት አለ። ከድሃ ቤተሰብ የተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት በሁለት ቡድን ተመደቡ። 58ቱ አፀደ ሕፃናት ገቡ፤ በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ይማራሉ፣ መምህርቷም በሳምንት አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄዳ ከእናታቸው ጋር ትሠራለች። 65ቱ አልገቡም። ከዚያ አርባ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ተከታተሏቸው። በአእምሮ ፈተና ያሳዩት ብልጫ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠፋ። እዚህ ላይ "ይኸው! አላልንም?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቆዩ። አርባ ዓመት ሲሞላቸው፣ አፀደ ሕፃናት የገቡት ሁለተኛ ደረጃን በብዛት ጨርሰዋል፣ የተሻለ ገቢ አላቸው፣ ፖሊስም ያነሰ ጊዜ ነው ያሰራቸው። አብሯቸው የቆየው ነገር በፈተና ወረቀት የሚለካው አይደለም። ትዕግሥት፣ ከሰው ጋር መሥራት፣ የጀመሩትን መጨረስ ነው።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጄምስ ሄክማን ከባልደረቦቹ ጋር ሒሳቡን ሠርቶታል። ለእነዚያ ሕፃናት የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይመልሳል አሉ። ትርፉ ለልጁና ለወላጁ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። ልጁ ሠርቶ በሚከፍለው ግብር፣ ሳይፈጸም በቀረው ወንጀል፣ ለእስር ቤት ባልወጣው ወጪ በኩል ጎረቤትም ይደርሰዋል። ሕፃን ለሌለው ጎረቤት ማለቴ ነው።

"እሱ አሜሪካ ነው" አላችሁ? እሺ፣ ጃማይካ እንሂድ። ለዘፈን አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1986 እና በ1987፣ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች፣ በምግብ እጥረት ለዕድሜያቸው የቀጨጩ 129 ሕፃናት ተመረጡ። ለተወሰኑት የጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄዱ፣ ከእናቶቻቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ ያሳዩ ነበር። መጫወቻዎቹ ቤት ውስጥ ካለ ነገር የተሠሩ ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ይህን ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። የጃማይካው ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀጭጨው ተገኝተዋል። መጫወት ቀልድ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ያ አባት በመስኮት ቢመለከቱ ደስ ይለኛል፤ ገብተው ቢቀመጡ ደግሞ የበለጠ።

"እገሌ የሚባለው የግል ኬጂ የአራት ዓመት ልጅ እንግሊዝኛ ያስጽፋል" ለምትሉም መልሴ አጭር ነው። ጣቱ ያልጠነከረ ሕፃን ሃያ ጊዜ ኤ እንዲጽፍ ማድረግ የሚጠቅመው ለቪዲዮ ነው። እዚያ ማስገባት የሚፈልግ መሸኛውን እሰጣለሁ። ክፍያቸውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

"መንግሥት ይሥራው" የምትሉም አላችሁ። መንግሥት በድርሻው ላይ አያንቀላፋም አልልም፣ ምንም አልሠራም ማለትም ሐሰት ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ኦ ክላስ (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ክፍል) ተከፍቷል፤ በእኛ አቆጣጠር በ2015 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎ አስቀምጦታል። የእኛ ትምህርት ቤት ግን የሕዝብ ነው። ባለቤቱ እናንተ ናችሁ። ጥሩ ውጤት ሲመጣ "የእኛ ትምህርት ቤት" ትላላችሁ፤ ጣሪያ ሲያፈስ "የመንግሥት ያለህ" ማለት አይሆንም።

"እኛ ያለ ኬጂ አድገን ሰው ሆነናል" ለምትሉት ታላላቆቻችን አክብሮቴ እንዳለ ነው። እናንተ ያደጋችሁበት ግቢ ግን ኬጂ ነበር፤ ክፍያ ስላልነበረው ነው እንጂ። አያት ነበሩ፣ ጎረቤት ነበር፣ ተረት ነበር፣ ሲያጠፉ የሚቆጣ የሰፈር ሰው ነበር። የቄስ ትምህርት ቤቱ፣ ቁርአን ቤቱ ነበር፤ መምህሩንም ያኖረው ሕዝቡ ነው። ዛሬ ብዙው ሕፃን በአንዲት የኪራይ ክፍል፣ በር ተዘግቶበት፣ ስልክ ተሰጥቶት ነው የሚውለው። ይህን ከእኔ በላይ እናንተ ታውቃላችሁ።

"የበፊቱ ገንዘብ የት ገባ?" የሚለው እንደሚመጣም አልጠፋኝም። የበፊቱ ገቢና ወጪ ከነደረሰኙ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከመስከረም ጀምሮ ተለጥፏል። ፀሐይ ወረቀቱን አደብዝዞታል እንጂ ማንም አልቀደደውም፤ ማንም ያነበበውም አይመስለኝም። አዲሱ ብር የሚውለው ለሚከተለው ነው። ለነርሰሪ ክፍሉ አንዲት ተጨማሪ ሞግዚት ይቀጠራል፤ አሁን አንዷ ሞግዚት አንዱን ሕፃን ሽንት ቤት ስትወስድ ሌሎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ። ለሕፃናት ቁመት የሚሆን ሽንት ቤትና የእጅ መታጠቢያ ይሠራል። ተጨማሪ የውኃ ሮቶ ይገዛል። መጫወቻ ሜዳው ላይ ጥላ ይሠራል። በግንቦት፣ በአራት ሰዓት፣ በድሬ ፀሐይ የጋለ ሸርተቴ ላይ ልጁን የሚያስቀምጥ ወላጅ ካለ ጥላውን እተወዋለሁ። ወጪውን ወላጅ ኮሚቴው ይቆጣጠራል፤ እኔ ብቻዬን የምፈርመው ቼክ የለም።

አቅም ስለሌላቸው ወላጆች ግን ሌላ ነው። 150 ብር ከእራት ላይ የምትቀነስባቸው ቤተሰቦች እንዳሉን አውቃለሁ። እነሱ መጥተው ያናግሩኝ፤ ኮሚቴው ነፃ ያደርጋቸዋል፣ ስማቸውም ሰሌዳ ላይ አይወጣም። የሚገርመኝ ግን እስካሁን ከእነሱ አንድም ቅሬታ አልደረሰኝም። ግሩፑ ላይ የሚጮኹት ሌሎች ናቸው። የአንድ ከሰዓት የጫት በርጫ ስንት እንደሚያስወጣ እዚህ ላይ ማንሳት አልፈልግም ነበር። ግን አነሳሁት። "አቦ ተወን" እንደምትሉ አውቃለሁ፤ አንድ ከሰዓት እናንተም ለሕፃናቱ ተዉላቸው።

ክፍያው በባንክ ወይም በገንዘብ ያዧ በኩል ይፈጸማል፤ ያለ ደረሰኝ ለማንም እንዳትሰጡ፣ ለእኔም ቢሆን። ጥያቄ ያለው ወላጅ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል በሕፃናት ክፍሉ እንድንገናኝ ተጋብዟል። ወንበሮቹ የሕፃናት ናቸውና ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከቤት ወንበር ይዛችሁ ኑ። ግሩፑ ላይ የጻፋችሁትን እዚያው ፊት ለፊት ብትነግሩኝ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጅ ኮሚቴ
ለገንዘብ ያዥ
ለማስታወቂያ ሰሌዳ (ጥላ ባለበት በኩል ይለጠፍ)