ታይሌኖልም ፓራሲታሞል ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ወደ ውጭ በሚሄድ ሻንጣ ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን የራስ ምታት ኪኒን አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው ኪኒኑ ሲያልቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ «ፓራሲታሞል» ቢሉ ሻጩ ግር ሊለው ይችላል፤ እዚያ ያው መድኃኒት አሲታሚኖፌን ይባላል፣ ሰዉ የሚያውቀው ደግሞ ታይሌኖል በሚለው የንግድ ስሙ ነው። በዓረብ አገሮች ፓናዶል፣ በእስራኤል አካሞል፣ በስዊድን አልቬዶን፣ በፈረንሳይ ዶሊፕራን፣ በጣሊያን ታኪፒሪና ነው። ሌላው የሕመም ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌን፣ አሜሪካ ላይ አድቪል ወይም ሞትሪን፣ እንግሊዝ ላይ ኑሮፌን ይሆናል።

እንግዲህ መድኃኒቱ አይጠፋም። ጉዳት የሚያደርሰው አንዱን መድኃኒት ሳያውቁ በሁለት ስም መዋጥ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ባለ 500 ሚሊግራም ታይሌኖል ሁለት ፍሬ ይውጥና አልሻል ሲለው ዴይኩዊል የሚባለውን የጉንፋን ኪኒን ሁለት ፍሬ ይደርብበታል። በዴይኩዊሉ እያንዳንዱ ፍሬ ውስጥም 325 ሚሊግራም አሲታሚኖፌን አለ። በአንድ ጊዜ 1,650፣ በቀን አራት ጊዜ ቢደጋገም 6,600 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ለጤነኛ አዋቂ የ24 ሰዓት ጣሪያው 4,000 ነው። ከዚያ ያለፈ ሰው ደህና ነኝ ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ ጉበት ሲጎዳ በመጀመሪያው ቀን ምልክት ላያሳይ ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው። ፓናዶልን ከፓናዶል የጉንፋን ኪኒን ጋር የሚደርቡ በዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችንም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይገባሉ።

በስሙ ላይ የተቀጠለችውን ቃል አትናቋት። ፓናዶል ኤክስትራ ካፌይን ስላለው ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳል። ታይሌኖል ፒኤም በተቃራኒው የሚያስተኛ መድኃኒት ተጨምሮበታል፤ ውጦ መኪና መንዳት አይገባም። ኤክሴድሪን በሚባለው የራስ ምታት ኪኒን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አስፕሪን ስላለ ጨጓራ ያለበት ሰው ይራቀው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ሁሉ ማሸጊያው ላይ ሠንጠረዥ አለው፤ ከላይ የሚጻፈው የመድኃኒቱ ትክክለኛ ስምና በአንዱ ፍሬ ውስጥ ያለው ሚሊግራም ነው። ከንግድ ስሙ ይልቅ እሱን አንብቡ።

የልጆች ፓራሲታሞል ሽሮፕ ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ 5 ሚሊሊትሩ 160 ሚሊግራም ይይዛል፤ እንግሊዝ ውስጥ የትንንሾቹ 120፣ ከ6 ዓመት በላይ ላሉት የሚሸጠው 250 ነው። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ በስልክ «አንድ ማንኪያ ስጪው» የሚባል ምክር ከአገር አገር አይሠራም።

በአውሮፓ ሽያጩም ጠበቅ ይላል። እንግሊዝ ውስጥ ተራ ሱቅ በአንድ ማሸጊያ ከ16 ፍሬ በላይ አይሸጥም። ጀርመንና ፈረንሳይ ፓራሲታሞል ፋርማሲ ካልሆነ አይገኝም። ጀርመን እሑድ ተዘግቶ ካገኛችሁት በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተረኛውን ፋርማሲ ይጠቁማል። እኛ አገር እንደ ከረሜላ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን አሜሪካም እንግሊዝም የሐኪም ማዘዣ ይጠይቃል፤ ያለ ማዘዣ የሚገኘው የሚቀባው ነው።

ከሁሉ የከፋው ትራማዶልና ኮዴይን የሚባሉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ጉዳይ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን በመሰሉ አገሮች እነዚህ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ያለ ማዘዣና ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዞ መግባት ሊያሳስር ይችላል። «ይህቺን ኪኒን ለእህቴ አድርሺልኝ» የምትባል ተጓዥ፣ ይሉኝታ ቢይዛትም፣ ስሙን ሳታይ አትቀበል።

ለሙያ ባልደረቦቻችን አንድ ጥያቄ አለን። 10 ፍሬ ቆርጠን ስንሸጥ ስሙ ያለበት ጫፍ እኛው ጋ ይቀራል፤ ተጓዡ የሚደርሰው ስም የለሽ ቁራጭ ነው። መንገደኛ መሆኑን ከነገረን ሙሉ ፓኮውን እንስጠው፤ ካልተቻለም የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራም በላቲን ፊደል እንጻፍለት። ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ ሠራተኞች ከጉዞ በፊት የሚሰጠው ሥልጠናም ለዚህ ጉዳይ ግማሽ ሰዓት ቢመድብለት።

የፋርማሲ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ