ስለ አራት ኪሎው ክርክራችን

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር እንኳ ሳልጽፍልህ መቅረቴ ያሳፍረኛል፤ ምክንያት ብደረድርም አንተ አታምነኝም፣ እኔም አልጽናናበትም። ይቅርታህን ለምኜ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን ስለ ፖሊመር፣ ማለትም ሞኖመር የሚባሉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው ስለሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት፣ በጠጣር ነገር ገጽ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ የተከራከርንበትን ምሽት ታስታውሳለህ? «በሰንሰለቱ ላይ ግማሹ ሞኖመር ከገጽ ጋር የሚጣበቅ፣ ግማሹ የማይጣበቅ ከሆነ ተራቸው ምን ለውጥ ያመጣል? በአማካይ ያው ነው» አልከኝ፤ እኔም ተስማምቼ ሂሳብ ከፍለን ተነሣን። ወዳጄ፣ ሁለታችንም ተሳስተናል፤ ይህን ሳልነግርህ መቅረት አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ እንጦጦ ወጥቼ ልጆች ሳለን ልብሳችንን ይሞላው የነበረውን ጨጎጊት ለቀምኩ። ቤት ገብቼ በአንዱ ክር አንድ ፍሬ፣ አንድ ዶቃ እያፈራረቅሁ፣ በሌላው ደግሞ ፍሬዎቹን በሙሉ በአንድ ወገን፣ ዶቃዎቹን በሌላው ወገን ሰካሁ። በአሮጌ ጋቢ ላይ አስተኝቼ ሳራግፈው የተፈራረቀው ክር ከዚህም ከዚያም እየተነሣ ወደቀ፤ ዶቃው ጎረቤቱን ፍሬ ጨርቁን በደንብ እንዳይነክስ ከልክሎታል። ሌላው በፍሬዎቹ ወገን እንደ ተጣበቀ ቀረ፣ ዶቃዎቹ ብቻ ተንጠለጠሉ። ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ የሞለኪውሉ ነገር ከዚህ ይረቅቃል።

ሰንሰለቱ በውሃ ውስጥ አያርፍም። በክፍል ሙቀት የሚንጠው የሙቀት ጉልበት በሞል 2.5 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን፣ አንድ ሞኖመር ገጹን ሲነካ የሚያገኘው ጉልበት ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ስለዚህ አንዱ ብቻውን ቶሎ ይላቀቃል፤ መቶዎቹ አንድ ላይ ሲይዙ ግን ሁሉም በአንድ ቅጽበት መላቀቅ ስለማይሆንላቸው ሰንሰለቱ በውሃ ብታጥበውም አይለቅም። መጣበቅ ግን ዋጋ አለው፤ የተኛው ሞኖመር እንደ ልቡ የመወዛወዝ ነፃነቱን፣ ማለትም ኢንትሮፒውን ያጣል። በተፈራረቀው ሰንሰለት የሚጣበቀው ሞኖመር ምንም የማያተርፈውን ጎረቤቱን ጎትቶ ያስተኛዋል፤ በአንድ ሰው ደመወዝ የሁለት ሰው ታክሲ እንደ መክፈል ነው። ስለሆነም ገጹ ላይ ለመቅረት እያንዳንዱ ንክኪ የበለጠ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። የሚጣበቁት በአንድ ወገን ሲሰበሰቡ ግን ደካማ ንክኪም ይበቃቸዋል፤ የማይጣበቀው ግማሽ ነፃነቱን ሳያጣ ወደ ውሃው ዘርግቶ ይቆማል። የዘርፉ ሰዎች የተኛውን ክፍል ባቡር፣ ተነሥቶ የሚመለሰውን ቀለበት፣ በአንድ ጫፉ ብቻ የተያዘውን ጅራት ይሉታል፤ በቅንብር አንድ የሆኑ ሁለት ሰንሰለቶች በባቡራቸውና በጅራታቸው ፈጽሞ ይለያያሉ።

ፒያሳን ብታየው ብዙ ታውቃቸው የነበሩ ቤቶች የሉም፤ የቀሩት ደግሞ አዲስ ቀለም ተቀብተዋል። የቀለም ጣሳ በከፈትኩ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል፦ በቀለሙ ውስጥ ያለው ፖሊመር በሚጣበቀው ክፍሉ የቀለሙን ብናኝ ይይዛል፣ ጅራቱ ብናኞቹን ያራርቃል። የሚጣበቁት በሰንሰለቱ ሁሉ ቢበተኑ ግን አንዱ ሰንሰለት ሁለት ብናኝ ይዞ ሊያጓጉል ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ያለ ወጥ ተራ የተሠራው ፖሊመር ነው፤ በአንድ ብልቃጥ ያሉት ሰንሰለቶች ተራቸው አንድ ስላልሆነ ገጹ የሚስማማውን ይዞ ሌላውን ይተዋል። ሜሪፊልድ የተባለው ኬሚስት በ1963 እ.ኤ.አ. ፔፕታይድን፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለትን፣ አንድ በአንድ እየቀጠሉ መሥራት እንደሚቻል ስላሳየ፣ አጭር ሰንሰለት በፈለግነው ተራ ማሠራት የሚቻል ነው፤ እኔ ሁለት ሰንሰለት ብቻ፣ የተፈራረቀና የተሰበሰበ፣ ጎን ለጎን መለካት እመኛለሁ።

ያን ምሽት ቁጥሮቹን የጻፍንባት ደብተር አንተ ዘንድ ያለች ይመስለኛል። ካገኘሃት የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ አማካዩን የወሰድንበትን መስመር ማየት እፈልጋለሁ። ለቤተሰብህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ፣ ከአራት ኪሎ