ደብዳቤ ለልጄ፦ የካያክሽን ጣውላ ስትገዢ

ይድረስ ለልጄ ለሶስና፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስትሪፕ ከሚባሉ ቀጫጭን የእንጨት ዘንጎች ገጣጥመሽ የምትሠሪውን የካያክ፣ የጠባቡን ባለመቅዘፊያ ጀልባ፣ ፕላን መርጠሽ ጣውላ ፍለጋ ልትወጪ መሆኑን ስሰማ፣ ገንዘብሽን ሳታወጪ ይድረስሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ከሁሉ በፊት ክብደቱን አስቢ። 17 ጫማ ርዝመት ያለው ካያክ ከላይም ከታችም ተደምሮ ወደ 50 ካሬ ጫማ የሚሸፈን አካል አለው። ሬድ ሲዳር በሚባለው ቀላል እንጨት ሩብ ኢንች አወፍረሽ ስትሸፍኚው እንጨቱ ብቻ 24 ፓውንድ ያህል ይመዝናል። ያንኑ አሽ በሚባለው ከባድ እንጨት ብትሠሪው 44 ፓውንድ ገደማ ይሆናል፤ እንጨቱ ላይ የሚለጠፈው የመስታወት ክር ጨርቅ (ፋይበርግላሱ) እና የሚያጣብቀው ሙጫ (ኢፖክሲው) ገና አልተጨመሩም። መኪና ጣሪያ ላይ ብቻሽን የምታወጪው ደግሞ አንቺ ነሽ። ከባድ እንጨት ጀልባውን ያጠነክረዋል የሚሉሽን አትስሚ። ጉልበቱ ያለው በውስጥና በውጭ በሚለጠፈው ፋይበርግላስ ላይ ነው፤ የእንጨቱ ዋና ሥራ ሁለቱን ንጣፎች አራርቆ መያዝ ነው።

ሲያትል ተቀምጠሽ ከሬድ ሲዳር ሌላ መፈለግ አያስፈልግሽም። ዛፉ ከአላስካ ደቡብ እስከ ሰሜን ካሊፎርኒያ የሚበቅል የአገሩ እንጨት ነው፤ የዚያ ባሕር ዳርቻ ነባር ሕዝቦችም ታላላቅ ታንኳዎቻቸውን የሚጠርቡት ከግንዱ ነው። ቀላል ነው፣ ይታጠፋል፣ ረጅም ጣውላ ይወጣዋል። ሲትካ ስፕሩስ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ነጣ ያለ መስመር ከፈለግሽ ጥሩ ነው። የአላስካ የሎው ሲዳር ከሬድ ሲዳር በሲሶ ያህል ስለሚከብድ ለጌጥ ካልሆነ ተዪው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጣውላውን ፊቱን ሳይሆን ጫፉን እዪ። ሻጩ ከሁሉ ውድ የሆነውን፣ መስመሩ ቀጥ ያለውን፣ ቨርቲካል ግሬን የሚባለውን ያመጣልሻል። አትግዢው። ስትሪፑን የምታወጪው ከጣውላው ጎን ሩብ ሩብ ኢንች እየሰነጠቅሽ ስለሆነ፣ የጣውላው ውፍረት የነበረው ሦስት ሩብ ኢንች የስትሪፑ ፊት ይሆናል። ስለዚህ ጫፉ ላይ ያሉት የእድገት ቀለበቶች ከሰፊው ፊት ጋር ትይዩ ተኝተው ካየሻቸው፣ ስትሪፑ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የምንፈልገውም ይኸንኑ ነው። መላጊያ ሲነካው አይቦጨቅም፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽም እኩል ይበላል። ከውዱ ጣውላ የሚወጣው ስትሪፕ ግን ተቃራኒው ነው፤ ለስላሳው ክፍል ቶሎ እየተበላ ጠንካራው መስመር ጎልቶ ይቀራል። ርካሹ የሚሻልበት ቦታ ይኼ ነው።

ቀጥሎ ሰፊውን ፊት ከዳር እስከ ዳር ተከተዪው። መስመሮቹ ሰያፍ ሄደው ከጎን የሚወጡ ከሆነ ጣውላውን መልሺው፤ የስትሪፑን ውፍረት አቋርጠው ስለሚያልፉ አፍንጫው ላይ ስታጣምሚው እዚያው ይሰበራል። ጉጥም ያው ነው፤ የምስር ፍሬ የምታክል እንኳ ብትሆን መታጠፊያው ላይ ከዋለች ትሰብረዋለች። ለአጥር የሚሸጠው ሲዳር ጉጥ የበዛበት ስለሆነ ጉጥ የሌለበትን፣ ክሊር የሚባለውን ከደህና ጣውላ መሸጫ ጠይቂ።

መጠኑን እንዲህ አስዪው። ጠርዞቹ አንዱ ጎበጥ ሌላው ጎድጎድ ተደርገው ሲገጣጠሙ፣ አንድ ስትሪፕ የሚሸፍነው 11/16 ኢንች ያህል ነው። ለ50 ካሬ ጫማ ወደ 875 ጫማ ስትሪፕ ያስፈልጋል፤ ለሚባክነው 20 በመቶ ጨምሪበትና 1050 ያዢ። አንድ በስድስት የሚባለው ጣውላ ትክክለኛ ስፋቱ 5 ኢንች ተኩል ነው። መጋዝሽ አንድ ስምንተኛ ኢንች የሚበላ ከሆነ፣ ጎኑን ካቃናሽ በኋላ 14 ስትሪፕ ይወጣዋል፤ የተቀረው ሰጋቱራ ነው። ጠረጴዛው መጋዝ ላይ 7 ኢንች ከሩብ የሆነውን ስሱን ምላጭ ብትገጥሚ፣ የሚበላው አንድ አስራ ስድስተኛ ስለሆነ 16 ታገኛለሽ። ባለ 18 ጫማ ጣውላ በስሱ ምላጭ አራት ይበቃል፤ በወፍራሙ አምስት ያስፈልጋል። ከምላጩ ጀርባ ያለው መለያ ብረት ግን ምላጩ ከሚቆርጠው ክፍተት እንዳይወፍር ለኪው፤ ከወፈረ ጣውላው መሐል ላይ ይነክስና ይቆማል። ረጅም ካጣሽ ባለ 10 ጫማውን ገዝተሽ ጫፎቹን ሁለት ሁለት ኢንች በሰያፍ ጠርበሽ በኮላ ቀጥዪ።

እርጥብ ጣውላ እንዳትሰነጥቂ። የእርጥበት መለኪያ ይዘሽ ሂጂና ከ12 በመቶ በላይ ካነበበ ቤት አስገብተሽ በመሐሉ እንጨት እያደረግሽ ደርድሪው። የሲያትል ክረምት ጋራዥ ውስጥ አያደርቅልሽም። እርጥብ ሆኖ ከተለጠፈ በኋላ ሲሟሽሽ ስትሪፖቹ መካከል ክፍተት ይከፈታል።

ስትሪፖቹን ከመጋዝ ሲወጡ በተራ ቁጠሪና አስረሽ አስቀምጪ። ሲዳር ከገለባ መሰል እስከ ጥቁር ቡናማ ስለሚለያይ፣ ተከታታዮቹን አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ስታደርጊ የጀልባው ሁለት ጎን ይመሳሰላል። ዋልነት ከሚባለው ጥቁር ቡናማ እንጨት መስመር ማስገባት እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፤ ያምራል። ነገር ግን ጠንካራ ስለሆነ አጠገቡ ያለው ሲዳር ቀድሞ ተበልቶ ጉብታ ይቀራል። እዚያ ቦታ በእጅ ሳይሆን ረጅም ደረቅ ጣውላ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት እሺው።

አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ፤ የሬድ ሲዳር ብናኝ ውስጥ ያለው ፕሊካቲክ አሲድ አስም ያመጣል፤ የጋራዡን በር መክፈት ብቻ አይበቃም። ስትሰነጥቂም ስታሺም ጥሩ ማስክ አድርጊ፣ ልብስሽንም ሳሎን ይዘሽው አትግቢ።

ጣውላ መሸጫው ራስሽ እንድትመርጪ የሚፈቅድ መሆኑን ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። ከመክፈልሽ በፊትም የሁሉንም ጫፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናያለን።

አባትሽ