ስለ ዘጌው የእግር ጉዞ ለውጥ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

በጣና ባሕረ ገብ ምድር፣ በዘጌ፣ የምናደርገው የቅዳሜው የደን ጉዞ ከ15 ሰው ወደ 8 መውረዱ፣ ከባሕር ዳር መነሻውም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት መምጣቱ ብዙዎቻችሁን ቅር እንዳሰኘ እናውቃለን። አንድ ደንበኛችን «በሦስት ሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር? ይሄማ ቆሞ መዋል ነው» ብለውናል። እውነታቸውን ነው፣ ቆመን ነው የምንውለው። ምክንያታችንን እንንገራችሁ።

ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። አገሬው ይህን ከዘጌው ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም የወረደ ቃል ነው ብሎ ይጠብቀዋል። ማረሻ ስላልገባበት ዋንዛው፣ ብሳናው፣ ዶቅማው እንደቆመ ነው፤ ከጥላው ሥር ደግሞ ቡናና ጌሾ አለ። ለእንግዳ ዓይን ጫካ ይመስላል እንጂ ሁሉም ባለቤት ያለው ጓሮ ነው። ባለፈው ዓመት ከእኛ ሰዎች ጥቂቶቹ ፎቶ እናነሣለን ብለው ከመንገዱ ወጡና ገና ጣት የማታህል የቡና ችግኝ ረገጡ። ባለቤቷ እናት አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ጎንበስ ብለው አፈሩን ጠቅጠቅ አድርገው ወደ ቤታቸው ገቡ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ 15 ሰው ለአንድ አስጎብኚ ይበዛል።

የሰዓቱ ነገር አጭር ነው። ወፎቹ የሚንጫጩት ፀሐይ ሳትከር ነው፤ ጣናም ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታልና ጀልባዋ ሳትናወጥ መመለስ ይሻላል።

ዝግታውን በተመለከተ አንዱን ብቻ እንጥቀስ። አስጎብኚያችን ያልበሰለች ሾላ ቆርጦ በጥፍሩ ሁለት ይከፍላታል። ውስጧ ጥቃቅን አበባ ነው፤ ሾላ የሚያብበው ወደ ውስጥ ነዋ! ጫፏ ላይ ባለችው ቀዳዳ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ተርብ እየተጋፋች ትገባና የአበባውን ዱቄት ታዳርሳለች። በሩ ከመጥበቡ የተነሣ ክንፏ ተቆርጦ እዚያው ይቀራል። ይህን በአጉሊ መነጽር ለማየት ስምንት ሰው ተራ ሲጠብቅ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፤ አናሳጥረውም። ፍሬው ሲበስል ጦጣውና ወፉ በልተው ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥሉታል፤ እድለኛ ከሆናችሁ ይህንንም ከራሳችሁ በላይ ታዩታላችሁ።

ዋጋው አልተነካም። ከስምንት በላይ ሆናችሁ የተመዘገባችሁ በሁለት ቅዳሜ ከፋፍለን እንወስዳችኋለን፤ ካልተመቻችሁ ገንዘባችሁ ሙሉውን ይመለሳል። ጋቢም ሆነ ጃኬት ያዙ፣ በዚያ ሰዓት ሐይቁ ላይ ይበርዳል።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ ክፍሉ፣ ባሕር ዳር