አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታራችሁን ለጥገና ከመላካችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

የ1950ዎቹን ወይም የ1960ዎቹን የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ «ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ዕቃ) ቀይሩልኝ»፣ «መቃኛውን በአዲስ ተኩልኝ» ይለናል። ጊታሩን ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ስንለካው ግን ችግሩ የዕቃ ሳይሆን የማስተካከያ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ከእንግዲህ ማንኛውንም አሮጌ ጊታር መጀመሪያ ባለው ዕቃ እናስተካክላለን፤ ባለቤቱ ይሞክረዋል፤ ለውጥ ካስፈለገም ወደነበረበት ሊመለስ የሚችለውን ብቻ እንሠራለን። ምክንያታችንን ልታውቁት ስለሚገባ በዝርዝር ጽፈንላችኋል።

ሥራው የሚጀምረው ከክሩ ነው። ክር ሳይወሰን አንገት አይነካም፣ አንገቱን የሚጎትተው ክሩ ነውና። 648 ሚሊ ሜትር የክር ርዝመት ባለው ፌንደር (እንደ ጊብሰን ሁሉ የጊታር አምራች ነው) ላይ ከ10 እስከ 46 (የክሩ ውፍረት በኢንች ሺኛ) ያለው የክር ስብስብ በመደበኛ ቅኝት አንገቱን ወደ 47 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስበዋል፤ ከ9 እስከ 42 ያለው ወደ 38 ኪሎ ነው። በአንዱ ክር የተስተካከለ ጊታር በሌላው ሲታሰር ዝዝ ማለት ቢጀምር አይግረማችሁ።

ቀጥለን አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች የመጀመሪያው) ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን ማሰሪያ) እናስርና ስድስተኛውን፣ ማለትም በጣም ወፍራሙን ክር አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጭነን፣ 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ አናት መካከል ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ስስ ብረት) እንለካለን። ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንገቱ ደህና ነው። ከበለጠ ትራስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ) ይጠብቃል፣ ካነሰ ይላላል፤ በአንድ ጊዜ ግን ከሩብ ዙር አናልፍም። በጊብሰን ላይ የትራስ ሮዱ ዳዶ የሚገኘው ጭንቅላቱ ላይ፣ ከትንሿ ክዳን ሥር ነው። በድሮ ፌንደር ግን አንገቱ ተረከዝ ላይ ስለሆነ አንገቱ መፈታት አለበት። ጉዳት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ ላለመፍታት ሲባል ካቻቢቴ አጋድመው ሲያዞሩ የዳዶው ጥርስ ይበላል፣ ፒክጋርዱም (የአካሉ የፕላስቲክ መሸፈኛ) ይሰነጠቃል። ዳዶው አልዞር ካለ ጉልበት አትጨምሩበት። እኛ አንገቱን በማሰሪያ በቀስታ ወደሚፈለገው አቅጣጫ ካመጣነው በኋላ ነው የምናዞረው፤ ያኔ ዳዶው ዘንጉን ብቻውን መጎተት አይጠበቅበትም። የተበጠሰ ትራስ ሮድ መቀየር በብዙ ጊታሮች ላይ ፍሬትቦርዱን (ፍሬቶቹ የተተከሉበትን ሳንቃ) ማንሳት ይጠይቃል።

የክር ከፍታን በተመለከተ በጣም ዝቅ እንዲል የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። የጊብሰን ፍሬትቦርድ ራዲየስ (የጉብታው ልክ፤ ሲያንስ ይበልጥ ይጎብጣል) 305 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለጥ ያለ ነው፤ 12ኛው ፍሬት ላይ አንደኛውን ክር 1.5፣ ስድስተኛውን 2 ሚሊ ሜትር ማድረግ ይቻላል። የድሮ ፌንደር ግን 184 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎበጥ ይላል። አንደኛውን ክር በላይኞቹ (ወደ አካሉ በሚጠጉት) ፍሬቶች ላይ ቤንድ ስታደርጉት (ወደ ጎን ስትገፉት) ክሩ ወደ ጉብታው ይወጣና ከፊት ያለውን ፍሬት ይነካል፤ ድምፁም እዚያው ይታፈናል። ስለዚህ 1.8 እና 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ እንተወዋለን። ከዚያ በታች የግድ ካስፈለገ የላይኞቹን ፍሬቶች አናት በጥቂቱ እንሞርዳለን። ፍሬትቦርዱን ግን በብርጭቆ ወረቀት አናሳሳም፤ ፌንደር ከ1962 አጋማሽ በኋላ የተጠቀመበት የሮዝዉድ እንጨት ንጣፍ ቀጭን ስለሆነ ሥሩ ያለው የሜፕል እንጨት ቶሎ ብቅ ይላል።

ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ግን በሦስተኛው ክር ላይ ነው፤ «ሁሉም ተቃኝቶ እሱ ብቻ ከፍ ይላል» ወይም «እሱ ብቻ ይጮኻል» ይባላል። እነዚህ ጊታሮች ሲነደፉ ሦስተኛው ክር በሽቦ የተጠመጠመ ነበር። ዛሬ የምናስረው ያልተጠመጠመውን ነው፤ እሱ ደግሞ ተጨማሪ ርዝመት ይፈልጋል። በጊብሰን ኤቢአር-1 ብሪጅ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ድልድይ) ላይ የሦስተኛው ክር ኮርቻ (ክሩ የሚቀመጥባት ማረፊያ) ወደ ኋላ መሄጃ ካጣ አውጥተን አዙረን እንመልሰዋለን፤ ብዙ ጊዜ የጎደለችው ርዝመት በዚያ ትገኛለች። ባለ ሦስት ኮርቻ ቴሌካስተር (የፌንደር ሞዴል) ላይ ሦስተኛውና አራተኛው ክር አንድ ኮርቻ ስለሚጋሩ ለሁለቱም እኩል ማድላት አይቻልም፤ መፍትሔው በዚያው ቀዳዳ የሚገባ ዘመም ያለ የናስ ኮርቻ ነው። ጩኸቱን በተመለከተ ደግሞ በሌላው የፌንደር ሞዴል፣ በስትራቶካስተር ፒክአፕ ላይ የሦስተኛው ክር ማግኔት ረዝሞ የተሠራው ለተጠመጠመው ክር ተብሎ ነው። እባካችሁ ማግኔቱን በጣታችሁ ወደ ታች አትግፉት። በድሮ ፌንደር ፒክአፕ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነው የመዳብ ሽቦ ማግኔቱ ላይ በቀጥታ ነው የተጠመጠመው፤ ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ ሽቦው ይበጠሳል፣ ፒክአፑም ድምፅ አልባ ይሆናል። ይልቅ ፒክአፑን በሙሉ ዝቅ አድርጉት፣ ወይም የተጠመጠመ ሦስተኛ ክር ሞክሩ። ይህን ክር በዚህ ጊታር ላይ መስማት ከየትኛውም አዲስ ዕቃ የበለጠ ያስደስታል ብለን እናምናለን።

ፒክአፑ ለክሩ በጣም ሲቀርብም ማግኔቱ ክሩን ይስባል፤ በላይኞቹ ፍሬቶች ላይ በወፍራም ክሮች ድምፁ ይወዛወዛል፣ ቅኝቱም አልያዝ ይላል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭናችሁ ለኩት፤ በስድስተኛው ክር በኩል 2.4፣ በአንደኛው በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። የስትራቶካስተር ቪብራቶ (ብሪጁን እያነቃነቀ ድምፁን የሚያወዛውዘው መሣሪያ) እንዲንሳፈፍ ከተፈለገ የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ከአካሉ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ስድስቱ የፊት ብሎኖች ግን እስከ መጨረሻው አይጠብቁም፣ ብሪጁ መወዛወዣ ያጣልና።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ፣ የሚንኮሻኮሽ ፖት (የሚዞረው የድምፅ መቆጣጠሪያ) መቀየር ያለበት አይምሰላችሁ። የኮንታክት ማጽጃ ነፍታችሁ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ካዞራችሁት በአብዛኛው ይድናል። ፖቱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ማስረጃም ነው፤ ለምሳሌ 1376432 ሲል 137 ሲቲኤስ የተባለውን አምራች፣ 64 ዓመቱን፣ 32 ሳምንቱን ይነግራል። ጊታሩ ከዚያ ቀን ቀድሞ ከፋብሪካው በፖቱ ሊወጣ አይችልም። መቀየር ካለበት በድሮ ፌንደር 250 ኪሎ ኦም፣ በጊብሰን ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) 500 ኪሎ ኦም ይገባል፤ ከተቀያየሩ የመጀመሪያው ከልክ በላይ ይሾላል፣ ሁለተኛው ይደበዝዛል። ካፓሲተሩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ሆኖ ከተገኘ አንድ እግሩን ብቻ ፈተን አሮጌውን በቦታው እንተወዋለን፣ አዲሱንም ከጎኑ እንበይዳለን። ባለ አምስት ቦታ ስዊች (የፒክአፕ መምረጫ) በስትራቶካስተር ላይ ከፋብሪካ መምጣት የጀመረው በ1977 ነው፤ ከዚያ በፊት ለተሠራው በነበሩት ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ላይ ይገባል፣ የወጣው ባለ ሦስት ቦታም በከረጢት ታሽጎ ይመለስላችኋል። ድምፁ የጠፋ ፒክአፕ ሲያጋጥም መጀመሪያ ብየዳውን፣ ከዚያ የጥቅልሉን መውጫ ጫፍ እንፈትሻለን፤ ዳግም መጠቅለል የመጨረሻው እርምጃ ነው።

የማንቀበለውም አለ። ክሉሰን መቃኛን በግሮቨር ለመተካት የጭንቅላቱን ቀዳዳ ወደ 10 ሚሊ ሜትር አናሰፋም፤ የረገፈው የፕላስቲክ እጀታው ብቻ ከሆነ እጀታው ይቀየራል፣ ማርሹ ካረጀም በዚያው ቀዳዳ የሚገባ መቃኛ አለ። ለሃምበከር ብለን አካሉን አንቦረቡርም። ዋናው ቀለም ያለበትን ጊታር ፈጽሞ አንቀባም፤ የተቀባ ጊታር በገበያው ላይ ግማሽ ያህል ዋጋውን እንደሚያጣ ማንም ነጋዴ ይነግራችኋል፤ እኛን የሚያሳስበን ግን አንዴ የተፋቀ ቀለም የማይመለስ መሆኑ ነው።

ቤት ውስጥ ስትይዙት የጎማ መደገፊያ ያለው ማቆሚያ ናይትሮሴሉሎስ ቀለምን እንደሚያቀልጥ አስታውሱ፤ በጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት። የአየር እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን። የሴሉሎይድ ፒክጋርድ ሲያረጅ ይኮማተራል፣ የሚያወጣው ጋዝም ብረቱን ያዝገዋል፤ ኮምጣጣ ሽታ ካለው አውጥታችሁ አየር በሚያገኝ ቦታ ለብቻው አስቀምጡት። በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የብየዳ ካውያ አታስጠጉበት።

ስትልኩት ክሮቹን ሁለት ሙሉ የድምፅ እርከን ያህል አላሉ እንጂ ጨርሳችሁ አትፍቱ። ከጭንቅላቱ ሥርና በላይ ጨርቅ ጠቅጥቁ፤ የጊብሰን ጭንቅላት እስከ 1965 ድረስ 17 ዲግሪ ያጋደለ ስለሆነ ሣጥኑ ሲወድቅ የሚሰበረው ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ካለው የክር ማረፊያ) ጀርባ ነው። ድንበር የሚሻገር ከሆነ የብራዚል ሮዝዉድ ከ1992 ጀምሮ በሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) አባሪ አንድ ውስጥ ስላለ ፈቃዱን ቀድማችሁ አውጡ። በአንድ ወረቀት ላይ የክሩን ውፍረት፣ የምትቃኙበትን ቅኝት፣ ችግሩ በየትኛው ክር በስንተኛው ፍሬት ላይ እንደሚሰማ ጽፋችሁ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ